የማዶ ወገኖች ምስክርነት

አንድ ጊዜ፣ እንስሳት እንደ ሰው ይናገሩ በነበረበት፣ እንደ ሰውም ይታለሉ በነበረበት ዘመን፣ አንድ ያረጀ አንበሳ በአንድ ሰፊ ሜዳ ላይ ይገዛ ነበር። ይህ አንበሳ ነገር የማያበዛ ገዢ ነበር። ሲርበው ይመጣል፣ አንዱን ይበላል፣ አፉን ጠርጎ ይሄዳል። ለምን እንደበላው አያብራራም፤ ለሟች ቤተሰብም ንግግር አያደርግም። በመጨረሻ ጥርሱ አለቀና በጥርስ ሕመም ሲያቃስት ከርሞ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በተኛበት ሞተ። ያ ቀን ኋላ ላይ «የታላቁ ትግል ቀን» ተብሎ መከበር ጀመረ። ከታጋዮቹ አብዛኞቹ አንበሳው ሲሞት በቦታው አልነበሩም። የነበሩትም እንቅልፍ ላይ ነበሩ።

በዚያው ዓመት ሜዳው ደረቀ። እንስሳቱ አዲስ ኑሮ ፍለጋ ተነሥተው ሦስት ቀን ተጓዙና ከአንድ ሸለቆ ደረሱ። በሸለቆው ጥርት ያለ ምንጭ ይፈልቃል፤ ከምንጩ ማዶ ደግሞ ግድግዳ የመሰለ ገደል ቆሟል። ሁሉም ሜዳ ላይ ተወልደው ሜዳ ላይ ያደጉ ስለነበሩ ገደል የሚባል ነገር አይተው አያውቁም። ዋሻና ቋጥኝ የሚያውቀው ቀበሮ ብቻ ነበር። ቀበሮ ደግሞ የሚያውቀውን ሁሉ ወዲያው የመናገር ልማድ አልነበረውም።

ከዋርካ ሥር ተሰብስበው አዲሱን አገር «ሁሉ አማን» አሉት። ሦስት ቃል ኪዳንም ገቡ። ማንም ማንንም አይበላም። ከምንጩ ሁሉም እኩል ይጠጣል። ስህተት ያየ በጉባኤ ተነሥቶ ይናገራል። በግ አለቀሰ። በሬ ማመንዠኩን ለአንድ አፍታ አቆመ፤ ይህ ደግሞ ለበሬ ትልቅ ነገር ነው።

«አሁን የሚጎድለን ጠባቂ ነው» አለ ቀበሮ።

«ከማን ነው የምንጠበቀው?» ብላ ጠየቀች እመት ፍየል። ልጇ ጠጄ አጠገቧ ቆማለች፤ ጠጄ በጉዞው ላይ ወድቃ አንድ ቀንዷ ከመሐል ተሰብሯል።

«ከጅብ ነዋ!»

ሁሉም ዞረው ከኋላ የቆመውን አያ ጅቦን አዩት። አያ ጅቦም ዞር ብሎ ከኋላው አየ።

«እስቲ አስቡት» አለ ቀበሮ፣ ድምፁን ለስለስ አድርጎ። «የጅብን መንገድ ከጅብ በላይ የሚያውቅ ማን አለ? አያ ጅቦ ጠባቂያችን ከሆነ፣ የሚበላን ጅብ ከየት ይመጣል?»

ነገሩ በሁሉም በኩል ዝግ ስለነበር በየት በኩል ገብተው እንደሚቃወሙት ጠፋቸው። መግቢያ ያጡለትን ነገር ሁሉ እውነት ነው ብለው የመቀበል ልማድ ነበራቸው። አያ ጅቦ እንዲምል ተጠየቀና አንድ ጉንጭ ሙሉ ሣር ነጭቶ በሁሉም ፊት አኘከ። ዓይኖቹ እንባ አቀረሩ። ቀበሮ «ከደስታ ብዛት ነው» ሲል አስረዳ። እንስሳቱም መሬቱን በሰኮናቸው እየደበደቡ ደስታቸውን ገለጹ።

ከጉባኤው ዳር ዳልቻ የሚባል አህያ ከታላቅ እህቱ ከወለላ ጋር ቆሞ ነበር። ወለላ የግራ ኋላ እግሯ ትንሽ ያነክሳል። ምላሷ ግን ደህና ነው።

«ሲውጥ አየኸው?» አለችው።

«አኝኳል እኮ፣ እታለም።»

«ማኘኩንማ እኔም አየሁ። የጠየቅኩህ ስለ መዋጡ ነው።»

«አንቺ ደግሞ ሁልጊዜ ነገር ትፈልጊያለሽ» አለ ዳልቻ። አያ ጅቦ ወዲያው ወደ ቁጥቋጦው ጀርባ ሄደ። እዚያ ምን እንዳደረገ ለክብሩ ሲባል አይነገርም።

ቀጥሎ አዋጅ ነጋሪ ተፈለገ። ዳልቻ ዕድሜውን ሙሉ «እባክህ ዝም በል» ሲባል የኖረ አህያ ነው። እሱ ሲያናፋ ላም ወተቷን ትደብቃለች፣ ዶሮ እንቁላሏን ጥላ ትሮጣለች እየተባለ ይታማ ነበር። ቀበሮ ግን አንድ ጊዜ እንዲያናፋ አዘዘውና ጆሮውን አቁሞ እስከ መጨረሻው አዳመጠው። «ይህን የመሰለ ድምፅ እስከ ዛሬ የት ደብቃችሁት ነው?» አለ። ዳልቻ በዚያች ቅጽበት ቀበሮን ወደደው። ምን ያድርግ? ከእናቱ ሆድ ከወጣ ጀምሮ እንዲህ ያለው ማንም አልነበረም። ከቄጠማ የተጎነጎነ ሐብልም አንገቱ ላይ ጠለቀለት።

በማግስቱ ጠዋት ዳልቻ ምንጩ ዳር ካለው ትልቅ ድንጋይ ላይ ወጣ። ፊቱን ወደ ገደሉ አዙሮ፣ ባለ በሌለ ኃይሉ የመጀመሪያውን አዋጅ አሰማ።

«በሁሉ አማን ሁሉ ደህና ነው!»

ከማዶ ድምፅ መጣ። «...ሁሉ ደህና ነው! ...ደህና ነው! ...ነው!»

እንስሳቱ ደርቀው ቀሩ። ዶሮ ከበሬ ሥር ገባች። ለቀበሮ ግን ነገሩ እንግዳ አልነበረም፤ የገደል ማሚቶ መሆኑን ገና ከእናቱ ዋሻ ሳይወጣ ያውቀዋል። ለማስረዳት አፉን ከፈተ። ወዲያው የእንስሳቱን ፊት አየና የከፈተውን አፍ ለሌላ ጉዳይ ተጠቀመበት።

«ሰማችሁ? ማዶም ወገኖች አሉን! ሁሉ ደህና መሆኑን ሩቅ ሆነው መሰከሩልን። እነሱ እኛን ዋሽተው ምን ይጠቀማሉ?»

«ድምፃቸው ለምን የዳልቻን መሰለ?» አለች ወለላ።

«እዚያም አህያ አለ ማለት ነዋ! አህያ የሌለበት አገር የት አለ?»

ሁሉም ሳቁ። ዳልቻም ሳቀ። ከእህቱ ፈንጠር ብሎ ነበር የሳቀው።

ከዚያ በኋላ ኑሮ በሁሉ አማን መሻሻል ጀመረ። መሻሻሉን በየጠዋቱ ከድንጋዩ ላይ የሚያውጀው ዳልቻ ስለሆነ እሱ አልተጠራጠረውም። አያ ጅቦ ምንጩ ውስጥ መርዝ እንዳይኖር ከሁሉም በፊት መቅመስ ግዴታው ሆነ። መጀመሪያ ከዳር ቀመሰው። በሁለተኛው ሳምንት ከመሐል ቀመሰው። ከዚያ ወዲያ ለጥንቃቄ ሲባል ውስጡ ተጋድሞ መቅመስ ጀመረ። ተራው ለሌላው ሲደርስ ውኃው ጭቃ ሆኗል።

ዳልቻ በተነገረው መሠረት አወጀ። «ዛሬ ውኃችን ወፍራም ነው! መጠጥም ምግብም ሆኗል!»

«...ምግብም ሆኗል! ...ሆኗል!» አሉ ማዶዎች።

«እነሱም ጋ እንዲሁ ነው ማለት ነው» አለ በግ፣ ተጽናንቶ። ጭቃውንም ጠጣው።

አንድ ሰሞን ዳልቻ ጉንፋን ያዘውና ድምፁ ሻከረ። በዚያው ቀን የማዶዎችም ድምፅ ሻከረ። «ምስኪኖች፣ እነሱንም ይዟቸዋል!» ተባለና ጉባኤው በሙሉ ቆሞ ለማዶ ወገኖች ምሕረት ተመኘ። ዳልቻ ይህ ነገር ትንሽ ከንክኖት ነበር። ግን አንገቱ ላይ ያለው ቄጠማ በዚያው ጠዋት በአዲስ ተቀይሮለት ስለነበር መከንከኑን ተወው። በዚያው ሰሞን አራተኛ ቃል ኪዳን ተጨመረ። ማዶዎች የመሰከሩለት ነገር አይጠየቅም። ሦስተኛው ቃል ኪዳን፣ ስህተት ያየ ይናገር የሚለው፣ አልተሰረዘም። ጉባኤ የሚጠራው አያ ጅቦ እንዲሆን ብቻ ተወሰነ። አያ ጅቦ ደግሞ ሥራ ይበዛበታል።

ክረምቱ ሲገባ ቀበሮ አዲስ የምሥራች ይዞ መጣ። የማዶ ወገኖች ከሁሉ አማን እንግዳ መቀበል ይፈልጋሉ። እዚያ ሣሩ ጉልበት ድረስ ነው፣ ምንጩም ሰባት ነው። በየሳምንቱ አንድ ዕድለኛ ይመረጣል፣ አመሻሽ ላይ አያ ጅቦ ራሱ ይሸኘዋል። መራጮቹ ቀበሮና አያ ጅቦ ነበሩ። የሚገርመው ዕድሉ መጀመሪያ የወጣው ለወፍራሞቹ ነው። የሰባው ሙክት ተሻገረ። ሁለቱ ጥጆች ተሻገሩ። ወፍራም ሲያልቅ ደግሞ ዕድሉ ጥያቄ ለሚያበዙት ይወጣ ጀመር። አያ ጅቦ ከሽኝት ሲመለስ ሆዱ ተነፍቶ፣ ዓይኑ ተከድኖ፣ በጣም ደክሞት ይታያል። «መንገዱ ሩቅ ነው» ይላል ቀበሮ፣ አፉን እየላሰ።

አንድ ጠዋት ዳልቻ የጠጄን ስም አወጀ። እመት ፍየል ከደስታዋ ብዛት ዘለለች፣ ልጇንም ስማ ሸኘች። በሦስተኛው ቀን ግን ናፍቆት አላስቀምጥ አላትና ከምንጩ ዳር ቆማ ወደ ማዶ ተጣራች።

«ልጄ፣ ደህና ነሽ ወይ?»

«...ደህና ነሽ ወይ? ...ነሽ ወይ?»

«ሰማችኋት? እሷ እኔን ትጠይቀኛለች!» አለች እመት ፍየል፣ እንባዋ እየወረደ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት እየመጣች ትጠይቃለች። ጠዋት ጠዋትም ትጠየቃለች። ዳልቻ ከድንጋዩ ላይ ሆኖ ሲያያት ልቡ በኩራት ይሞላ ነበር። ይህን ሁሉ ደስታ ያበሰረው የእሱ ድምፅ ነው።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ቀበሮ ዳልቻን ለብቻው ጠራው።

«እንኳን ደስ አለህ! የነገ ዕድለኛ እህትህ ናት።»

ዳልቻ እየዘለለ ወደ ወለላ ሄደ። ወለላ ከግራር ጥላ ሥር ተኝታ ነገሩን እስኪጨርስ ሰማችው። አልተነሣችም።

«ደስ አይልሽም?» አላት።

«አንድ ነገር ብቻ አድርግልኝ» አለች ወለላ። «ጠጄ መንገድ ላይ ቀንዷ የተሰበረ ጊዜ ሁለት ቀን ሙሉ እኔን ተደግፋ ነው የተጓዘችው። ሂድና ከድንጋይህ ላይ ሆነህ ጠይቃት። የወለላ የሚያነክሰው እግሯ የትኛው ነው በላት። ትክክል ከመለሰች እሄዳለሁ። እያነከስኩም ቢሆን ሮጬ እሄዳለሁ።»

«ይኼማ ቀላል ነው!»

«ለሚያውቅማ ቀላል ነው።»

ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ፣ ሁሉም በየጥላው በተኛበት ሰዓት ዳልቻ ድንጋዩ ላይ ወጣ። «ጠጄ! የወለላ የሚያነክሰው እግሯ የትኛው ነው?» ሲል ጮኸ።

«...እግሯ የትኛው ነው? ...የትኛው ነው?» አሉ ማዶዎች።

«እኔ ነኝ የጠየቅኩት!»

«...እኔ ነኝ የጠየቅኩት! ...የጠየቅኩት!»

የዳልቻ ጆሮዎች ቀስ እያሉ ወደቁ። ከዚያ፣ ከዚህ በፊት አንድም አዋጅ ነግሮበት በማያውቅ ድምፅ፣ «ዳልቻ ጅል ነው!» አለ።

«...ዳልቻ ጅል ነው! ...ጅል ነው! ...ነው!»

ማዶዎች ከተመሠረቱ ጀምሮ እውነት ሲናገሩ ይህ የመጀመሪያቸው ነበር።

ዳልቻ ከድንጋዩ ወርዶ፣ ከምንጩ በሚወርደው ጅረት መታጠፊያ ዞሮ፣ እስከ ገደሉ ሥር ሄደ። ጉልበት ድረስ የሚደርስ ሣር አልነበረም። ሰባት ምንጭም አልነበረም። መንገድ እንኳ አልነበረም፤ ዓለቱ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ወጥቷል። ከሥሩ አጥንት ተከምሯል። ከአጥንቱ መካከል አንድ የፍየል ራስ ቅል አለ። አንደኛው ቀንዱ ከመሐል የተሰበረ ነው።

እዚያው ተንበረከከ። የሙክቱን ስም የጠራው እሱ ነው። የጥጆቹንም ስም የጠራው እሱ ነው። ጠጄን ደግሞ ከሁሉም አስረዝሞ፣ ድምፁን አሳምሮ ነበር የጠራት፤ ያን ቀን ጉሮሮው ደህና ስለነበር። አፈረ። አህያ ሆኖ መፈጠሩ አንድም ቀን አሳፍሮት አያውቅም፤ ያን ቀን ግን አፍ ያለው መሆኑ አሳፈረው።

ሲመለስ ቀበሮ መንገዱ ላይ ተቀምጦ እግሩን ያክካል።

«ሽርሽር ነበርክ?» አለው።

«አጥንታቸውን አየሁ።»

«ጥሩ ዓይን አለህ» አለ ቀበሮ፣ ምንም ሳይደነግጥ። «ከዓይንህ ግን ድምፅህ ይበልጣል። ስማኝ ዳልቻ፣ እኔ ክፉ አይደለሁም። እህትህ ከከበደችህ ስሙን እንለውጠዋለን። በእሷ ፈንታ የእመት ፍየልን ስም ጥራ። እሷ እንደሁ ወደ ልጇ ልትሄድ ነው፣ ደስ ይላታል። የሚከፋው ማንም የለም።»

ዳልቻ ወደ ገደሉ ዞሮ አየ።

«ወይ ፍየሏን፣ ወይ እህትህን። ምርጫው ያንተ ነው፤ ሁሉ አማን ነፃ አገር ነው። ሁለቱንም ካልጠራህ ደግሞ ሌላ አዋጅ ነጋሪ የአንተን ስም ይጠራል። እሱን ለማሠልጠን ጊዜ ይፈጃል፣ እንዳታስቸግረን።»

ዳልቻ ለወለላ ያየውን ሁሉ ነገራት። ቀበሮ ያለውን ግን ደበቃት። የደበቃት ለምን እንደሆነ ለራሱም ሊነግረው አልፈለገም። እውነቱ ግን የቀበሮ ሐሳብ ጥሞት ነበር። አንዲት ያረጀች ፍየል፣ ያውም የምትደሰት።

በማግስቱ ጠዋት እንስሳቱ ሁሉ ምንጩ ዳር ተሰበሰቡ። አያ ጅቦ ከጭቃው መሐል ተነሥቶ ገላውን አራገፈ። ቀበሮ ከአጠገቡ ቆመ። ዳልቻ ድንጋዩ ላይ ወጣና ቁልቁል አየ። እመት ፍየል ከፊት ቆማለች። ከሌላ ጊዜ ቀድማ መጥታ፣ ጢሟን በምንጩ ጠርዝ አርጥባ አስተካክላ፣ የዛሬው ዕድለኛ ማን እንደሚሆን ለመስማት በጉጉት ሽቅብ ታየዋለች።

«ልጄ ዳልቻ» አለችው በለሆሳስ፣ «ምናልባት ዛሬ የእኔ ስም ይሆን እንዴ?»

ዳልቻ አፉን ከፈተ። የእመት ፍየል ስም ምላሱ ጫፍ ድረስ መጥቶ ነበር። ፊቷን ሲያይ ግን መልሶ ዋጠው።

«የሚሻገር የለም!» አለ። «ማንም አልተሻገረም። አያ ጅቦ ነው የበላቸው። አጥንታቸው ከገደሉ ሥር ነው፤ በዓይኔ አይቻለሁ።»

ጉርምርምታ ተነሣ። «ምን ሆኗል ይኼ?» «አህያ ደግሞ ምን ያውቃል?» «ሐብሉ ከጠለቀለት ወዲህ እኮ ጠግቧል።» በግ ከሁሉም በላይ ተቆጣ። «የበላቸውማ ቢሆን ማዶዎች ይነግሩን አልነበር?» አለ።

«ልክ ነው!» አለ ቀበሮ። «ዳልቻ አሞታል። ጉንፋኑ ወደ ጭንቅላቱ ወጥቷል። በሉ አውርዱት።»

«ማዶዎች ይጠየቁ!» አለች ወለላ ከኋላ ሆና። «ማዶዎች የመሰከሩለት አይጠየቅም ይል የለ ቃል ኪዳኑ? ይመስክሩና እንስማ!»

«ይጠየቁ! ይጠየቁ!» አሉ ሁሉም። ማዶዎችን የማያምን አንድም አልነበረም። ቀበሮ ቃል ኪዳኑን ራሱ ስላወጣው ሊከለክል አልቻለም።

ዳልቻ ፊቱን ወደ ገደሉ አዞረ። ሳንባው እስኪሞላ አየር ሳበ። በሕይወቱ እንዲህ አድርጎ አናፍቶ አያውቅም።

«አያ ጅቦ በላቸው!»

«...አያ ጅቦ በላቸው! ...በላቸው! ...በላቸው!»

ከሁሉም ቀድሞ የተናገረው አያ ጅቦ ነበር።

«እንዴ! ማን ነገራቸው?»

«ጌታዬ፣ ዝም ይበሉ» አለ ቀበሮ በጥርሱ መሐል።

«አንተ ነህ የነገርካቸው! ከአንተና ከእኔ ሌላ ማን ያውቅ ነበር? የማዶ ወገኖች ይወዱሃል፣ በየጠዋቱ ስምህን ያነሡታል አላልከኝም? የሙክቱን ፍሪምባ ያካፈልኩህ ለዚህ ነው?»

ከመላው ሁሉ አማን በማዶዎች ከሁሉም በላይ ከልቡ ያመነው አያ ጅቦ ነበር። በሬ ማመንዠኩን አቆመ። በዕድሜው ሁለተኛ ጊዜው ነው። ቀንዱን ዝቅ አድርጎ ሲነሣ ሌሎቹም ተከተሉት። አያ ጅቦ ጭቃው ውስጥ ሁለቴ ወድቆ ሁለቴ ተነሣና፣ እያለቃቀሰ በሸለቆው አፍ ወጥቶ ጠፋ። ያን ቀን ብዙ ሰኮና አርፎበታል፤ ከእነዚህ አንዱ የሚያነክስ የግራ ኋላ እግር ነበር።

ሲመለሱ ቀበሮን ከድንጋዩ ላይ አገኙት።

«ከመጀመሪያውም ተናግሬ ነበር!» ይላል። «ከጅብ ጠባቂ ያስፈልገናል ያለው ማን ነበር? እኔ ነበርኩ!»

ይህንንማ ሁሉም ያስታውሳል። በርግጥም ያለው እሱ ነበር። አንዳንዶቹ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ፍሪምባውስ?» አለች ወለላ።

«አስገድዶኝ ነው» አለ ቀበሮ። አለቀሰም። እንባውን ሲያይ የበግ ልብ ራራ።

ዳልቻ ሊያስረዳቸው ሞከረ። «ማዶ ማንም የለም። የሰማችሁት የእኔን ድምፅ ነው። ገደሉ የተባለውን መልሶ ይላል እንጂ ከራሱ የሚጨምረው የለም። አንተ በግ፣ እስቲ ጩህ።»

በግ ጮኸ። ከማዶም የበግ ጩኸት መለሰ።

«እዚያም በግ አለ!» አለ በግ፣ በደስታ እየዘለለ።

ጉባኤው በዚያው ውሎ ለማዶ ወገኖች ምስጋና እንዲቀርብ ወሰነ። ከጅብ ያዳኑን እነሱ ናቸው ተባለ። ለምስጋናው የድንጋይ ክምር ይቆማል፤ ክምሩን የሚያሠራው ደግሞ ቀበሮ ነው፣ የማዶዎችን ጠባይ ከእሱ በላይ የሚያውቅ ስለሌለ። ዳልቻ ሐብሉን አውልቆ ምንጩ ዳር አስቀመጠው። ያን ጊዜ አንድ አውራ ዶሮ ጎንበስ ብሎ ቄጠማውን በአንገቱ ሲለካ አየ።

ዳልቻና ወለላ ወደ ሜዳው ሊመለሱ ተነሡ። ሜዳው ላይ ዝናብ መጣሉን ወፎች አውርተዋል። ባይጥልም ይሄዳሉ። ዳገቱ መጀመሪያ ላይ እመት ፍየል ብቻዋን ቆማ አገኟት።

«ልጄ ዳልቻ» አለች፣ «ማዶ ማንም ከሌለ፣ በየጠዋቱ ደህና ነሽ ወይ የሚለኝ ማን ነበር?»

ዳልቻ አንገቱን ደፋ። «እርስዎ ራስዎ ነበሩ፣ እመት ፍየል። የጠጄን ስም የጠራሁት ደግሞ እኔ ነኝ።»

እመት ፍየል አልተቆጣችም። ምነው በተቆጣችኝ አለ ዳልቻ በልቡ።

«ያን ቀን ድምፅህ ያምር ነበር» አለችው። «በጣም ደስ ብሎኝ ነበር እኮ።»

ዳልቻ ከዚያን ቀን ወዲያ ስለ ድምፁ ሲመሰገን አይወድም ነበር ይባላል። ወለላ ጎኗን ሰጠቻትና እመት ፍየል ተደገፈችባት። ሦስቱም ዳገቱን ተያያዙት።

ጫፉ ላይ ሲደርሱ ከኋላቸው፣ ከምንጩ በኩል፣ የአውራ ዶሮ ድምፅ ተሰማ።

«በአዲሱ ሁሉ አማን ሁሉ ደህና ነው!»

«...ሁሉ ደህና ነው! ...ደህና ነው! ...ነው!»

ከዚህ የምንማረው፣ ገዢ ሁሉ የራሱን ድምፅ የሚመልስለት ገደል እንደማያጣ፣ ድምፃችንን አበድረን ገደሉን ያስጮህነውን እኛን ደግሞ የተበሉት ሁሉ «ስማችንን የጠራው ማን ነው?» ብለው እንደሚጠይቁን ነው።